ስልኩ ፈተና ክፍል አይገባም

ለሰፈራችን ነዋሪዎች በሙሉ፤

ባለፈው የማኅበራችን ስብሰባ ላይ ለልጆች የማታ ማጠናከሪያ ትምህርት በየወሩ የምናዋጣው 50 ብር ይቁም የሚል ሐሳብ መቅረቡ ይታወሳል። ምክንያቱም ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው ነገር በየስልካችን ገብቷል፣ ከመምህር በላይ ያውቃል፣ ገንዘብም አይጠይቅም የሚል ነው። ሐሳቡ ብዙ ጭብጨባ አግኝቷል። ጸሐፊ ቃለ ጉባኤ ይይዛል እንጂ አይከራከርም ስለተባለ ዝም ብዬ ጻፍኩ። ሰሌዳው ግን የሁላችንም ስለሆነ መልሴን እዚሁ እሰጣለሁ።

ልጆቹን የሚያስጠኑት የሳይንስ መምህር በዕለቱ የተናገሩትን ስንታችን አዳመጥን? እርሳቸው እኮ መሣሪያው ይጣል አላሉም። ልጅ ሒሳቡን መጀመሪያ በራሱ እጅ ይሞክር፣ ይሳሳት፣ ከዚያ ወዲያ ቢፈልግ ስልኩን ይጠይቅ፤ መልሱን አስቀድሞ ካየው ግን ጭንቅላቱ ውስጥ የሚቀር ነገር የለም ነው ያሉት። አንድ ወንድማችን ተነሥተው «እንጀራዬ ይቀራል ብለው ነው» አሉ። ነውር ነው! በቃለ ጉባኤው ላይ አልጻፍኩትም፣ እዚህ ግን ጽፌዋለሁ።

እስቲ የቅርቡን እናስታውስ። በ2008 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሾልኮ በስልክ ተሠራጨና ፈተናው ተሰርዞ እንደገና ተሰጠ። ኩረጃው ግን አልቆመም። ኋላ የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ ገብተው፣ ያለ ስልክ፣ በጥብቅ ቁጥጥር እንዲፈተኑ ተደረገ። በመላ አገሪቱ ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ። ጦርነቱ፣ ኮሮናው፣ የመጽሐፍ እጥረቱ የየራሳቸው ድርሻ አላቸው፤ አልክድም። ነገር ግን ከሰው ወረቀት መገልበጥ የለመደ ልጅ ብቻውን ሲቀመጥ ምን እንደሚሆን አየን። አሁን ደግሞ የሚገለብጥበትን ወረቀት እኛው ቤት ድረስ እናምጣለት ነው የምትሉት?

«አዲስ ነገር ትጠላለህ» የሚለኝ አይጠፋም። አዲስ ነገር መጥቶ መምህርን ዳር ሲያስይዝ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በ1990ዎቹ መጨረሻ ፕላዝማ መጣ ተብሎ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ተሰቀለ። ትምህርቱ በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ ይመጣል። መምህሩ ከፊትና ከኋላ ጥቂት ደቂቃ ይሰጠዋል፣ የቀረውን ጊዜ ከልጆቹ ጋር ቆሞ ያያል። ልጅ እጁን ቢያወጣ ፕላዝማው አይቆምለትም። መብራት ከጠፋ የዕለቱ ትምህርት አለፈ። ላም አለኝ በሰማይ እንዲሉ! እኔ ከስድስተኛ ክፍል አላለፍኩም፣ ታናናሾቼ ግን በዚያ ውስጥ አልፈዋል።

ይኸኛው እንኳ ይመልሳል፣ እውነት ነው። ግን ከየት አምጥቶ? መምህሩ እንዳስረዱኝ ይህ መሣሪያ ሰዎች የጻፉትን እጅግ ብዙ ጽሑፍ ተመግቦ ቀጥሎ የሚመጣው ቃል የትኛው ሊሆን እንደሚችል እየገመተ ነው የሚጽፈው። የተመገበው አብዛኛው እንግሊዝኛ ነው፤ አማርኛው ጥቂት። አዲስ አበባ ተወልደው ያደጉት የኮምፒውተር ሊቅ ትምኒት ገብሩ እ.ኤ.አ. በ2021 ከባልደረቦቻቸው ጋር ባወጡት ጽሑፍ ትርጉሙን ሳያውቅ ቃል ከሚደግም በቀቀን ጋር አመሳስለውታል። ልጃችን ስለ 1966ቱ አብዮት ሲጠይቀው የፈረንጅ 1966 መስሎት ሊያወራለት ይችላል፤ ያን ጊዜ እኛ ገና 1958 ላይ ነበርን። ሲሳሳት ደግሞ አይንተባተብም፣ ልክ ሲሆን በሚናገርበት ድምፅ ይናገራል። ልጁ በምን ይለየው?

ደግሞስ በ2015 መጨረሻ በክልላችን ኢንተርኔቱ ተቋርጦ ስንት ወር ቆየ? ትምህርት ቤቶችም ተዘጉ። ያን ጊዜ ስልኩ ሰዓት ማያ ነበር። መምህሩ ግን እዚሁ ነበሩ፤ የጎረቤት ልጆች በራቸው ላይ ተቀምጠው ሲጽፉ ሁላችንም አይተናል።

ለኑሮ የሚረዳ ነገር የለውም አልልም። ማመልከቻ ያስተካክላል፣ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ይተረጉማል። የበርበሬ ቅጠል ሲጠወልግ ምን ሊሆን እንደሚችልም ይጠቁማል፤ ግን የግብርና ባለሙያ ሳታማክሩ እርሱ ባለው ብቻ መድኃኒት አትርጩ። ለታመመ ልጅማ ጨርሶ፣ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ስለዚህ ሐሳቤ ይህ ነው። መዋጮው ይቀጥል። ከሳምንቱ አንድ ማታ ስልክ ያላቸው ልጆች ይዘው ይምጡና መምህሩ በፊታቸው እየጠየቁ የቱ ልክ የቱ ስሕተት እንደሆነ ያሳዩአቸው። ድምፅ የሚሰጠው በመጪው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው። ያጨበጨባችሁም ኑ፣ የምትሉትን በስማችሁ እጽፋለሁ። ጠመኔ አልቋል፤ የሦስት ወር ያልከፈላችሁ ስማችሁ ከዚህ ወረቀት ጎን ተለጥፏል።

የማኅበሩ ጸሐፊ
ፍኖተ ሰላም