ቁስሉ ከዳነ በኋላ የሚመጣው ድባቴ

በካፋ ዞን ቀፎ የሚሰቀለው ረጃጅም ዛፎች ላይ ነው። ማር ቆራጭ ከዛፍ ሊወድቅ ይችላል፤ በቦንጋ ዳገትና ቁልቁለት ደግሞ ያለ ሄልሜት ሞተር የሚነዳ ሰው ለአደጋ የቀረበ ነው። ጭንቅላቱ የተጎዳ ሰው ከሆስፒታል ሲወጣ ቤቱ በጠያቂ ይሞላል፤ “እንኳን እግዚአብሔር አተረፈህ” ይባላል። ቁስሉ ይደርቃል፣ ጠያቂውም ይቀራል።

ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ግን ቤተሰቡ ግራ ይጋባል። ቡና ተፈልቶ ሲጠራ አልመጣም ይላል። በትንሽ በትልቁ ይቆጣል፤ እንቅልፍ ያጣል ወይም ያበዛል፤ የሚወደው ሥራ ያስጠላዋል። “ጠባዩ ተበላሸ”፣ “ሰነፈ” ማለት የሚጀመረው ያኔ ነው።

ይህ ብዙውን ጊዜ ድባቴ ነው። ጉዳቱ ስሜትን የሚቆጣጠሩትን የአንጎል ክፍሎች ሊነካ ይችላል፤ ሥራና ገቢ ማጣትም ይጨመርበታል። እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ ሲያትል በጭንቅላት ጉዳት ሆስፒታል በገቡ 559 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ድባቴ እንደያዛቸው አሳይቷል። ሕክምና ያገኙት ግን ከእነዚህ ግማሽ እንኳ አይሞሉም።

ድባቴ ይታከማል። ቦንጋ ያለ ቤተሰብ ከገብረጻድቅ ሻዎ ጠቅላላ ሆስፒታል ሊጀምር ይችላል፤ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከልም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ሐኪሙ ፊት ስትቀርቡ “ጭንቅላቱን ተመትቶ ነበር” ማለትን አትርሱ፤ የሚጥል በሽታ ካለም ተናገሩ። አንዳንድ መድኃኒት የሚጥል በሽታን ሊያባብስ ስለሚችል የሐኪሙ ምርጫ በዚህ ይወሰናል። መድኃኒቱ ለውጥ ለማሳየት ሳምንታት ይፈጃል፤ “አልሠራም” ብሎ በራስ ማቋረጥ አይገባም። የምክር አገልግሎትም ብዙ ይረዳል።

ቤት ውስጥ ደግሞ ጠጅና አረቄ ይቅርበት። ቀኑ ሥርዓት ይኑረው፤ እንቅልፉ፣ ምግቡና አጭር የእግር ጉዞው በሰዓቱ ይሁን። ሥራ በጥቂት በጥቂቱ ይሰጠው፤ ብዙ ሰው የሚንጫጫበት ቦታ ካደከመው ሁለት ሦስት ወዳጆች ይበቁታል።

የራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ለመንቃት ካስቸገረ ድባቴ ነው ብላችሁ አትቆዩ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። “ብሞት ይሻለኛል” ካለም ብቻውን አትተዉት፤ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።