የገናው ዱላ በኅዳር ይቈረጣል

«ገና ገና ነው፤ ምን አስቸኰለህ?» ይሉኝ ይሆናል። አስቀድሜ መጻፌ ባለፈው ዓመት እኔ የሠራሁትን ስሕተት እርስዎ እንዳይደግሙት ብዬ ነው።

ለእኅቴ ልጆች፣ ለሰባት ዓመቱ ወንድና ለአምስት ዓመቷ ሴት፣ በበዓሉ ቀን የገና ጨዋታ አጫውታችኋለሁ ብዬ ቃል ገብቼ ነበር። ቃሌ ትዝ ያለኝ ግን በዋዜማው፣ ሰው ሁሉ ዶሮና ሽንኩርት ተሸክሞ በሚጋፋበት ሰዓት ነው። ከጎፋ ወደ ላፍቶ ስመለስ ከመንገድ ዳር እንጨት ሻጭ አንድ እርጥብ የባሕር ዛፍ አጣና ገዛሁና እንደ ምንም ቈልምሜ በገመድ ሸብ አደረግሁት። በማግሥቱ ልጁ አንድ ጊዜ ሲመታበት ዱላው እንደ ሸንኮራ ቀሽ አለ፤ ስባሪውም ተወርውሮ የትንሺቱን ቅልጥም አገኛት። ልቅሶው ያበቃው ሳሎን ገብተን ቴሌቪዥን ሲከፈትላቸው ነው።

ይህን ሁሉ ከበረንዳቸው ሆነው ሲመለከቱ የነበሩ አንድ አዛውንት ጎረቤታችን፣ «አንተ ልጅ፤ የገና ዱላ በዋዜማ ይሠራል እንዴ?» አሉኝ።

«ታዲያ መቼ ነው፣ አባባ?»

«ጾሙ ሲገባ ነዋ! እንጨቱም እንደ ሰው ይጹም እንጂ፤ ውሃው ይውጣለት» ብለው ሳቁብኝ።

እኔም ነገሩን ሳስበው የአባቶቻችን አቈጣጠር ለዚህ ሥራ የተመቸ ሆኖ አገኘሁት። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ቀን ገብቶ ገና ታኅሣሥ 29 ቀን ሲውል ከአርባ ቀን በላይ የመሰናጃ ጊዜ አለ። በዘመነ ዮሐንስ ብቻ በዓሉ ታኅሣሥ 28 ቀን ስለሚውል፣ በ2016 ዓ.ም. እንደ ነበረው በ2020 ዓ.ም.ም እንደሚሆነው፣ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ማሰብ ነው። ጀርመኖች ልጆቻቸው የልደትን ቀን እንዲጠባበቁ በየቀኑ አንዲት ትንሽ መስኮት የምትከፈትበት የወረቀት መቍጠሪያ ያዘጋጁላቸዋል፤ ልማዱም የቈየ ነው። የእኛ ልጆች መስኮት የሚደርቀው ዱላ ቢሆን ምን ይጐድለዋል? በየሱቁ የሚሸጠውን የገና ዛፍና ባለ ነጭ ጢሙን የገና አባት አልነቅፍም፤ ልጆች ይወዱታል። ነገር ግን እርሱ ተገዝቶ የሚመጣ ነው፤ ይህ ግን ከልጅ ጋር የሚሠራ ነው።

እንግዲህ እንጨቱን ሲመርጡ በተፈጥሮው ጫፉ የጐበጠ ቢያገኙ ትልቅ ዕድል ነው። ወይራ ጠንካራ ነው፤ ይሁን እንጂ ለአንድ ቀን ጨዋታ ሲባል የቤተ ክርስቲያን ዛፍ አይነካም፤ ባሕር ዛፍ ይበቃል። የእርጥቡን ጫፍ በከሰል ፍም ላይ እያገላበጡ ማሞቅ፣ ሲለሰልስ ቀስ ብሎ መቈልመም፣ ከዚያ በገመድ ጠፍሮ ጥላ ባለበት መስቀል ነው። ፀሐይ ላይ ከሰቀሉት ይሰነጠቃል። ቁመቱ ከልጁ ወገብ አይለፍ።

ኳሷ፣ ሩር የምትባለዋ፣ ለጐልማሶች ከእንጨት ወይም ከጠፍር ትሠራለች። ለሕፃናት ይህ አይሆንም። ሁላችንም በልጅነታችን የሰፋናት የካልሲ ኳስ፣ ጨርቅ ተጠቅጥቆባት በደንብ ከተሰፋች፣ ትበቃለች። ዱላ ከጕልበት በላይ አይነሣ የሚለውን ሕግም ከመጀመሪያው ቀን ያስለምዷቸው።

ስለ ሜዳው ግን ሳልናገር አላልፍም። ድሮ መኳንንቱ ሳይቀሩ ጨዋታውን የሚመለከቱበት ጃንሜዳ ነበር፤ ዛሬም ገና በባህል ስፖርቶች ውድድር ውስጥ ይገኛል። እዚህ በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ በጀሞም በለቡም፣ በኮንዶሚኒየሙ ግቢ መኪና ያልቆመበት ስፍራ ማግኘት ከሎተሪ አይተናነስም፤ በኮብልስቶኑ ላይ ደግሞ ኳስ ወዴት እንደምትነጥር አይታወቅም። ስለዚህ የነዋሪዎቹን ኮሚቴና ባለመኪናዎቹን አሁኑኑ ማነጋገር ያሻል። በዓል ቀን ጧት ሰውን ከዶሮ ወጡ አስነሥቶ መኪናህን አንሣ ማለት ጠብ መፈለግ ነው።

ጨዋታው የእረኞች ነው ይባላል፤ ጌታ በተወለደ ጊዜ በደስታ በዱላቸው ተጫወቱ ሲሉ። ስኮትላንዳውያንም ሺንቲ የተባለ የቈልማማ ዱላ ጨዋታ አላቸው፤ በአዲስ ዓመታቸው ቀን የመጫወት ልማድም ነበራቸው። የእኛ ግን ያሸነፈው የተሸነፈውን በግጥም ይሸረድዳል፤ ደግሞም በዚያች ቀን ሎሌ በጌታው ላይ ግጥም ቢያወጣ ጌታው አይቈጣም። ለልጆች ትልቁ ስጦታ ይህ ይመስለኛል። ዓመቱን ሙሉ «ዝም በል» የሚባል ልጅ፣ በአንዲት ከሰዓት በኋላ በአባቱ ላይ እንዲቀልድ ፈቃድ ያገኛል። በትምህርት ቤት ግጥም ጻፉ ስላቸው እርሳስ የሚያኝኩ ተማሪዎች አሉኝ፤ የእኅቴ ልጅ ግን በአባቱ ላይ መሆኑን ሲሰማ በአንድ ምሽት አራት መስመር ቋጠረ። አንዱ ስለ ማንኮራፋቱ ነው። ወረቀቱን ከፍራሹ ሥር ደብቆታል።

ችግሩ አባትየው ነው። ከቤት የሚወጣው ልጆቹ ሳይነሡ፣ የሚገባው ከተኙ በኋላ ነው፤ በበዓል ቀን እንኳ ስልኩ ዕረፍት የለውም። ስለዚህ ዘንድሮ ኅዳር 16 ቀን ማታ ጠብቄ፣ «በገና ዕለት ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት የልጆችህ ነህ» አልሁት። መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ፣ «በእኔ ላይ ምን ሊሉ ነው?» ብሎ ጠየቀ። አልነገርሁትም። ጥቂት ዝም ካለ በኋላ እስክሪብቶ አንሥቶ ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቍጠሪያ ገለጠና ታኅሣሥ 29ን ከበባት።

ሁለቱ ዱላዎች አሁን በረንዳው ላይ ተሰቅለዋል። ትንሺቱ በየጧቱ ወንበር ላይ ቆማ የራሷን በጣቷ ነካ ታደርግና፣ «አጎቴ፣ ጾሙን ጨረሰ?» ትለኛለች።