ከልብ ምቱ በፊት ደሙ

አዲስ አበባ ውስጥ አቅሙ ያላት ነፍሰ ጡር በሰባተኛው ሳምንት ገደማ የፅንሷን የልብ ምት በአልትራሳውንድ ታያለች። አልትራሳውንድ በሌለበት የምሥራቅ ጎጃም ገጠር፣ ጉንደ ወይን ዙሪያ እንበል፣ አዋላጇ በእጅ ማዳመጫ የምትሰማው ወደ አምስተኛው ወር ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከማሽኑ ይልቅ ጊዜው ነው። በ2011 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ቢያንስ አንዴ ክትትል ያደረጉ እናቶች 74 በመቶ ሲሆኑ፣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የጀመሩት 28 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህም በአማራ ክልል በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ከተቀሰቀሰው ግጭት በፊት ነው። ሆድ ሳይገፋ እርግዝና አይወራም፤ ዓይን ይፈራል።

የቂጥኝ ምርመራ ግን ጠብታ ደም ይበቃዋል። ቶሎ ከተገኘ በፔኒሲሊን ይታከማል፤ ከዘገየ ፅንሱን ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ማሽን ከመጠበቅ ይልቅ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቤት ለቤት ስትዞር የወር አበባ መቅረቱን ቀድማ ብትጠይቅ እመርጣለሁ።