ጨው ለመጨመር ጀበና መድፋት

ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ይፋ ከሆነ ወዲህ የሚወራው ስለ ቁጥር ነው። ስንት ሰው ተመዘገበ፣ ስንቱ ሰርተፊኬት ወሰደ። ቁጥር ለዜና ይመቻል። መቱ፣ ጎሬ ወይም ሁሩሙ ያለ ወጣት ግን ሰርተፊኬቱን ይዞ ቤቱ ገብቶ "እስቲ አንድ ነገር ልሥራ" ሲል የሚገጥመው ጥያቄ ሌላ ነው፦ አንድ መስመር ኮድ ቀይሮ ውጤቱን ለማየት ስንት ሰከንድ ይጠብቃል?

ጥያቄው ተራ ይመስላል፤ አይደለም። በጃቫ የድረ ገጽ ሲስተም የሚሠራ ጀማሪ በድሮው መንገድ ከሄደ፣ አንድ ክላስ በነካ ቁጥር ኮዱን ኮምፓይል ያደርጋል፣ ሰርቨሩን ያጠፋል፣ መልሶ ያስነሳል፣ እንደገና ሎግ ኢን ያደርጋል፣ ፎርሙን እንደገና ይሞላል። ይህ በአሮጌ ላፕቶፕ 40 ሰከንድ ፈጀ እንበል። በቀን 100 ጊዜ ቢቀይር ከአንድ ሰዓት በላይ የሚያልፈው ስክሪን ላይ በማፍጠጥ ነው። መብራት በሄደበት ቀን ደግሞ ያቺ አንድ ሰዓት ከባትሪ ላይ የምትቀነስ ናት።

ኢሉባቦር ውስጥ ቡናን በጨው የሚጠጣ ቤት ሞልቷል። ቡና የምታፈላ እናት "ጨው አነሰው" ሲሏት ጀበናውን ደፍታ፣ እሳቱን አጥፍታ፣ እንደ አዲስ መቁላት አትጀምርም። ጨው ትጨምራለች፣ አለቀ። ወጣቱ በየቀኑ መቶ ጊዜ ጀበና እንዲደፋ እየተደረገ "ኮዲንግ ትዕግሥት ይፈልጋል" ተብሎ ይመከራል!

መፍትሔው ደግሞ አዲስ ግኝት አይደለም። ፒኤችፒ በተለመደው አሠራሩ ሪኩዌስት በመጣ ቁጥር ፕሮግራሙን እንደ አዲስ ስለሚያስኬድ ችግሩን አያውቀውም። ጃንጎ በሙከራ ሰርቨሩ ላይ ፋይል ሲቀየር ራሱን ያስነሳል። ሬይልስ በዴቨሎፕመንት ሞድ የተጫኑትን ክላሶች ጥሎ በሚቀጥለው ሪኩዌስት አዲሶቹን ይጭናል። ጃቫ ላይም ስፕሪንግ ቡት እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ዴቭቱልስ የሚባል ነጻ መሣሪያ አለው። ዘዴው ቀላል ነው፦ የማይቀየሩትን ላይብረሪዎች በአንድ ክላስ ሎደር፣ የጸሐፊውን ኮድ በሌላ ይጭናል፤ ለውጥ ሲመጣ ሁለተኛውን ብቻ ይጥላል። አንዴ ከወረደ ኢንተርኔት አይጠይቅም።

"ተማሪውን ያሰንፋል" የሚሉ አሉ። ኮድ በወረቀት እየጻፉ የተፈተኑ ሰዎች ክርክር ነው። ስህተቱን ወዲያው የሚያይ ሰው ብዙ ይሞክራል፤ ብዙ የሚሞክር ይማራል። ሰርቨር እስኪነሳ መጠበቅ ማንንም ፕሮግራመር አድርጎ አያውቅም።

ከዚህ የሚበልጥ አንድ ተቃውሞ ግን አለ፤ እሱ ተገቢ ነው። ክላስን በሥራ ላይ መቀየር አንዳንዴ ይዋሻል። ጃቫ አንድን ክላስ የሚለየው በስሙ ብቻ ሳይሆን በጫነው ክላስ ሎደር ጭምር ነው። ስለዚህ ከለውጡ በፊት የተፈጠረ "ተጠቃሚ" የሚባል ኦብጀክት የሆነ ቦታ ተቀምጦ ከቆየ፣ ከአዲሱ "ተጠቃሚ" ጋር ሲገናኝ ባዕድ ይሆናል። ስክሪኑ ላይ የሚወጣው መልእክት "ተጠቃሚ ወደ ተጠቃሚ ሊለወጥ አይችልም" የሚል ዓይነት ነው። በደሌ ላይ የሚጠይቀው ሰው የሌለው ጀማሪ ይህን ሲያይ ያበደው እሱ ይሁን ማሽኑ አያውቅም፤ ቀኑን ሙሉ ትክክለኛ ኮዱን ሲያፈርስ ይውላል። ሆትስዋፕ የሚባለው የጃቫ የራሱ ዘዴም በመደበኛው ጄቪኤም ላይ የሜተድን ውስጥ ብቻ ይቀይራል፤ አዲስ ፊልድ ሲጨመር እምቢ ይላል።

ይህ ታዲያ መሣሪያውን ለመከልከል ምክንያት አይሆንም። አሠራሩን ለማስተማር ነው ምክንያት የሚሆነው። መቼ መታመን እንዳለበት፣ መቼ ሙሉ በሙሉ ማጥፋትና ማስነሳት እንደሚሻል፣ ሲስተሙ ለሕዝብ ሲከፈት ለምን እንደሚዘጋ። የግማሽ ቀን ትምህርት ነው።

"ብራውዘር ላይ ክላውድ ተጠቀሙ" የሚለው የአዲስ አበባ ምክርም አለ። እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2020 መጨረሻ ጀምሮ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ገደማ ሲዘጋ ክላውድ ላይ የነበረ ሁሉ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። ሰርቨሩ እዚያው ላፕቶፑ ላይ የሆነለት ልጅ መሥራት ይችል ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2011 የተመሠረተው መቱ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በየከተማው ኮዲንግ የሚያሠለጥን ሁሉ በዚህ ይመዘን፦ የመጀመሪያው ሳምንት ሳያልቅ፣ ኢንተርኔት በሌለበት፣ ርካሽ ላፕቶፕ ላይ፣ ተማሪው ክላስ ቀይሮ ውጤቱን በአምስት ሰከንድ ውስጥ ያያል ወይስ አያይም? ካላየስ ለምን እንደሆነ የሚያስረዳው አስተማሪ አለ?