ዓሣውን የገደለው ረሃብ ሳይሆን ጉርሻ ነው

እኛ ቤት ለቤት እየሄድን ሕሙማንን የምንረዳ ነርሶች በብዙ ሳሎን ውስጥ ትንሽ አኳሪየም እናያለን። አብዛኛውን ጊዜ ለልጅ የልደት ስጦታ የተገዛ ነው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተመልሰን ስንሄድ ግን ውሃው ደፍርሶ፣ ወይም ባዶው መስተዋት በረንዳ ላይ ተቀምጦ እናገኘዋለን። «ዓሣዎቹ ምን ሆኑ?» ስንል መልሱ አንድ ዓይነት ነው፦ «ምን እናውቃለን፤ በደንብ እናበላቸው ነበር!»

ችግሩ ያለው «በደንብ» የምትለው ቃል ላይ ነው።

በራሳችን ቤትም ደርሶብናል። ከአንድ ሱቅ መስተዋቱን፣ ስምንት ኒዮን ቴትራዎችን እና አንድ ትልቅ ጣሳ ምግብ በአንድ ቀን ገዝተን ገባን። ሻጩ «በቀን ሁለት ጊዜ ትንሽ ትንሽ ስጧቸው» አለን። «ትንሽ» ስንት እንደሆነ እሱም አልነገረን፣ እኛም አልጠየቅን። ጠዋት ወደ ሥራ ስንወጣ እኛ እንሰጣለን፤ ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ይሰጣል፤ ማታ ደግሞ አያቱ «አፋቸውን ከፍተው እየለመኑ እንዴት ዝም ይባላሉ?» እያሉ የዳቦ ፍርፋሪ ይጨምራሉ። በአሥር ቀን ውስጥ ከስምንቱ ሁለት ብቻ ቀሩ። ልጃችን «እኔ ነኝ የገደልኳቸው?» ብሎ ሲጠይቀን የምንመልሰው አጣን።

በማኅበረሰባችን መውደድ ማለት ማብላት ነው። እንግዳ ሳይቀምስ አይሸኝም፤ የምንወደውን ሰው እናጎርሳለን። ደግ ልማድ ነው፤ ነገር ግን ሦስት ሴንቲ ሜትር ለምታህል ዓሣ አይሆናትም። መስተዋቱ አጠገብ መጥታ አፏን የምትከፍተው ሁልጊዜ ስለራባት አይደለም፤ ምግብ የሚመጣው ከሰው እጅ መሆኑን ስለለመደች ነው።

እኛ ስንጠግብ የተረፈው ሳህን ላይ ይቀራል፣ ሳህኑም ይነሳል። ዓሣ ግን የሚበላውም፣ የሚተነፍሰውም፣ የሚጸዳዳውም በዚያው ውሃ ውስጥ ነው። የተረፈው ምግብ ሲበሰብስና ዓሣው ቆሻሻውን ሲያስወግድ አሞኒያ የሚባል መርዝ በውሃው ውስጥ ይከማቻል። ይህን መርዝ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ከዚያም ጉዳቱ ወደሚያንሰው ናይትሬት የሚለውጡት በፊልተሩ ውስጥ የሚኖሩ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ናቸው። በአዲስ አኳሪየም ውስጥ እነዚህ ባክቴሪያዎች እስኪበዙ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ያስፈልጋል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምግብ ማብዛት መርዝ መጨመር ማለት ነው። መስተዋቱንና ዓሣዎቹን በአንድ ቀን ይዞ መግባትም ስህተት ነው።

ታዲያ ስንት ይበቃል? ለአዋቂ ዓሣ በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ተበልቶ የሚያልቅ ያህል። ሳይበላ ወደ ታች የወረደ ካለ በዝቷል ማለት ነው፤ የተረፈው ይውጣ፣ የነገው መጠንም ይቀነስ። ጤነኛ አዋቂ ዓሣ በሳምንት አንድ ቀን ቢጾም አይጎዳም፤ ጾም ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ለበዓል ሁለት ሦስት ቀን ዘመድ ጋር ስንሄድም ጣሳውን ለጎረቤት ልጅ ከመስጠት ጾማቸውን ቢውሉ ይሻላል። በቅርብ የተወለዱ ጫጩቶች ግን በቀን ብዙ ጊዜ፣ በጣም ጥቂት በጥቂቱ መብላት አለባቸው።

ሁሉም አንድ ዓይነት ምግብ አይበላም። ኒዮን ቴትራ አፉ ትንሽ ስለሆነ ስስ ቅርፊት የመሰለው ምግብ በጣት ተፍረክርኮ ይሰጠዋል። ቤታ በተፈጥሮው ነፍሳትና እጭ የሚበላ ነውና የእንስሳት ፕሮቲን የበዛበት ምግብ ይፈልጋል። ጉፒና ሞሊ ከዚያ ሌላ አትክልት ነክ ምግብም ያስፈልጋቸዋል። መሬት መሬቱን የሚሄደው ኮሪዶራስ «ቆሻሻ የሚያጸዳ» እየተባለ ይሸጣል፤ ይህ እውነት አይደለም። እሱም ወደ ታች የሚሰምጥ የራሱ ምግብ ካልተሰጠው ይራባል። ዳቦና እንጀራ ለማንኛቸውም አይሆንም።

ሙቀትም ከምግብ ጋር ይገናኛል። ዓሣ የሰውነቱ ሙቀት እንደ ውሃው ነው፤ ውሃው ሲቀዘቅዝ የበላው ቶሎ አይፈጭለትም። ለአብዛኞቹ የሐሩር አገር ትንንሽ ዓሣዎች ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ይስማማቸዋል። በክረምት በኢየሩሳሌም ወይም በጽፋት ያለ ማሞቂያ ማቆየት፣ ምግቡ ልክ ቢሆንም እንኳ፣ እነሱን መጉዳት ነው።

በቤታችን ነገሩን የፈታልን ከሥራችን የመጣ ዕቃ ነው፤ ባለ ሰባት ክፍሉ የክኒን ሳጥን። ዓርብ ዓርብ የሳምንቱን ምግብ እየለካን በየክፍሉ እናስቀምጣለን፤ አንዱን ክፍል ባዶ እንተዋለን። የዛሬው ክፍል ባዶ ከሆነ ዓሣዎቹ በልተዋል፣ አለቀ። አያትም፣ ልጅም፣ አባትም ሳጥኑን አይተው ያውቃሉ። ትልቁ ጣሳ ከፍ ካለ ቦታ ይቀመጣል።

አሁን ወደ ኪሳችን እንምጣ። ትልቅ ጣሳ ርካሽ ይመስላል፤ ጥቂት ዓሣ ላለው ቤት ግን ኪሳራ ነው። ምግቡ አንዴ ከተከፈተ አየርና እርጥበት እየገባው ቪታሚኑ ይጠፋል፣ ቅባቱም ይበላሻል። በጥቂት ወራት ውስጥ የሚያልቅ ትንሽ ጣሳ ግዙ፤ እንደ ዓይን ጠብታ የተከፈተበትን ቀን ክዳኑ ላይ ጻፉ። ከትልቅ ጆንያ እየተቀነሰ የሚሸጥ፣ ቀንና የይዘት ዝርዝር የሌለው ምግብ አትግዙ።

«ዓሣ ነው፤ ጥቂት ሸቀል ነው፤ ሌላ ይገዛል» የሚሉ አሉ። እኛ አንስማማም። መስተዋቱ፣ ፊልተሩና ማሞቂያው ሲደመር ለአንድ ቤተሰብ ቀላል ወጪ አይደለም። የልጅ ሐዘን ደግሞ በሸቀል አይለካም። ከዚህም በላይ በ1994 የወጣው የእንስሳት ጥበቃ ሕግ ከሰው በቀር የጀርባ አጥንት ያለውን ፍጥረት ሁሉ ይመለከታል፤ ዓሣም ከነዚሁ ነው።

ሻጩም ኃላፊነት አለበት። በ1981 የወጣው የሸማቾች ጥበቃ ሕግ፣ አንድ ዕቃ እንዳይጎዳ የተለየ አያያዝ የሚያስፈልገው ከሆነ ሻጩ ይህን ለገዢው እንዲገልጽ ያዛል። ከዓሣ የበለጠ የተለየ አያያዝ የሚፈልግ ምን አለ? በእኛ አስተያየት ዓሣ የሚሸጥ ሱቅ ሁሉ ከደረሰኙ ጋር ምን ያህል፣ ስንት ጊዜ፣ ምን ዓይነት ምግብ የሚል አጭር ወረቀት ሊሰጥ ይገባል። ኩፓት ሆሊም መድኃኒት ስንወስድ መጠኑ ሳይጻፍልን አንወጣም። እዚህም «ትንሽ ትንሽ ስጧቸው» የሚለው ቃል አይበቃንም።

ዕብራይስጥ የሚከብዳቸው ወላጆቻችን ብቻቸውን ገብተው እንዳይገዙ አብረናቸው እንሂድ። ከመክፈላችን በፊት ሦስቱን ጥያቄዎች እንጠይቅ፤ መልሱን ሻጩ በእጁ ይጻፍልን። የማይመልስ ሻጭ ከሆነ ገንዘባችንን ይዘን እንውጣ።

በእኛ ቤት ልጃችን ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሳጥኑን ራሱ ይሞላል። አያቱም አጠገቡ ተቀምጠው ይቆጥሩለታል። የተረፉት ሁለቱ ኒዮኖች ጓደኞች መጥተውላቸዋል፤ ውሃውም ጥርት ብሏል።