በጂቡቲ ሰማይ ላይ የሚፎካከሩት የኦቶማን ዘመን ድራማዎች

በጂቡቲ ከተማ ከሚገኙት ትልልቅ መስጊዶች አንዱ የዳግማዊ ሱልጣን አብዱልሃሚድን ስም ይዟል። በቱርክ ድጋፍ፣ በኦቶማን የሕንጻ ስልት ተሠርቶ እ.አ.አ በ2019 ተመርቋል። በዚያው ዓመት የእኚሁ ሱልጣን ታሪክ በቱርክ መንግሥት ጣቢያ በቲአርቲ በተከታታይ ድራማ ይቀርብ ነበር። “ፓይታህት አብዱልሃሚድ” የተሰኘው ይህ ድራማ ከ2017 እስከ 2021 በአምስት ምዕራፍ ታይቷል።

የቱርክ መሪዎች ለታሪካዊ ድራማ የሚሰጡት ትኩረት ቀደም ብሎ ታይቷል። በ2012 የወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሬጄብ ጣይብ ኤርዶዋን፣ ሱልጣን ሱሌይማንን በቤተ መንግሥት የፍቅር ሴራ ውስጥ የሚያሳየውን “ድንቁ ክፍለ ዘመን” በይፋ ነቅፈው ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ቲአርቲ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ላይ ያተኮረውን “ትንሣኤ ኤርቱግሩል” ማሰራጨት ጀመረ። በጥር 2015 ደግሞ ኤርዶዋን በፕሬዚዳንትነታቸው ጂቡቲን ጎበኙ።

የአረብ ተፎካካሪዎችም ዝም አላሉም። ኤምቢሲ በመጋቢት 2018 የቱርክ ድራማዎችን ከሥርጭት አወጣ። በ2019 መጨረሻ ያሳየው “የእሳት መንግሥታት” ኦቶማኖችን ግብጽን በኃይል የያዙ ወራሪዎች አድርጎ ሣላቸው። አረብኛ ከፈረንሳይኛ ጋር የሥራ ቋንቋ በሆነባት ጂቡቲ፣ የሳተላይት ሳህን ያለው ቤተሰብ ሁለቱንም ትረካዎች የማየት ዕድል አለው። በአንዱ ጀግና የሆነው በሌላው ጨቋኝ ነው።

ሁለቱም ወገኖች የሚተዉት ነገር አለ። የቱርኩ ድራማ አብዱልሃሚድን በውጭ ሴረኞች የተከበቡ መሪ አድርጎ ያቀርባል። ሱልጣኑ በ1878 ፓርላማውን በትነው ሕገ መንግሥቱን ለሠላሳ ዓመታት ያህል ማገዳቸው ግን ከዚህ ሥዕል ጋር በቀላሉ አይገጥምም።

ከሁሉ በላይ የተዘነጋው የአፍሪካ ቀንድ ነው። የኦቶማን ጦር በ1557 ምጽዋን ይዟል። በኢማም አሕመድና በአጼ ገላውዴዎስ ዘመን በተደረገው ጦርነት አንደኛው ወገን በኦቶማን፣ ሌላኛው በፖርቱጋል ነፍጠኞች ተደግፏል። በ1904 ደግሞ የአብዱልሃሚድ መልእክተኛ ሳዲቅ አል ሙአየድ ፓሻ ከጂቡቲ በባቡር ድሬዳዋ ገብተው፣ ከዚያ ተነሥተው አዲስ አበባ ከአጼ ምኒልክ ዘንድ ቀርበዋል። ጉዟቸውንም በመጽሐፍ መዝግበዋል። ይህ ሁሉ ለድራማ የሚበቃ ታሪክ ነው።

ችግሩ አቅም ነው። የዘመን ድራማ ፈረስ፣ አልባሳት፣ የመቼት ግንባታና ብዙ ተዋናይ ይጠይቃል። ሕዝቧ አንድ ሚሊዮን ገደማ የሆነው ጂቡቲ ይህን ወጪ የሚመልስ ገበያ የላትም። የአገሪቱ ብሔራዊ ጣቢያም ሥርጭቱን በፈረንሳይኛ፣ በአረብኛ፣ በሶማልኛና በአፋርኛ ያካፍላል። እጅግ ሰፊ ገበያ ባላት ኢትዮጵያ እንኳ ቃና ቴሌቪዥን በ2016 ሲጀምር ተመልካች የሳበው የውጭ ድራማዎችን ወደ አማርኛ በመመለስ ነበር። ተርጉሞ ማቅረብ ከመሥራት ይረክሳልና።

ይህ እስካልተለወጠ ድረስ የቀንዱ ወጣት ስለ ኦቶማን ዘመን የሚኖረው ግንዛቤ ከኢስታንቡል ወይም ከባሕረ ሰላጤው በሚመጣ ትረካ መቀረጹ አይቀርም። የፓሻው ባቡር የተነሣባት ከተማ ግን በአንዳቸውም ውስጥ ቦታ አላገኘችም።