ጎሬም ዋና ከተማ ነበረች

የአፍሪካን ዋና ከተሞች በቃላችሁ ዘርዝሩ ብንባል ማንም አይቀድመንም። ካርቱም፣ ናይሮቢ፣ ዳካር እያልን እንወርዳለን። የአገራችን ሲደርስም አክሱም፣ ላሊበላ፣ ጎንደር፣ አንኮበር፣ አዲስ አበባ ብለን እንዘጋለን። ታዲያ ጎሬስ የት ገባች? ከመቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ እኮ ናት!

ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥተው ወደ ውጭ አገር ሄዱ። ጣሊያን በ27 ከተማዋን ያዘ። የኢትዮጵያ መንግሥት ግን በዚያ ቀን አላበቃም፤ መቀመጫው ወደ ጎሬ ዞረ። ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ እንደራሴ ሆኑ፤ ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ የጊዜያዊውን መንግሥት ሥራ ከጎሬ መሩ። ጠላት ጎሬን የያዘው ኅዳር 1929 ዓ.ም. ነው።

ለምን ጎሬ ሆነች? እስቲ ካርታውን እንዘርጋ። ጎሬ በ2000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በጫካና በቡና ተከባ ተቀምጣለች። ከደጋው ቁልቁል ሲወርዱ ጋምቤላ አለ። ክረምት ባሮ ሲሞላ የካርቱም መርከብ በነጭ ዓባይና በሶባት አድርጎ እስከዚያ ይመጣ ነበር። ቡናችን በበቅሎ ይወርዳል፤ ጨውና አቡጀዲ ይወጣል። እንግሊዝም በጎሬ ቆንስላ ነበራት። የጅቡቲ ባቡር መስመር በጠላት እጅ ሲገባ፣ ወደ ውጭ ከሚያስወጡት በሮች አንዱ ይኸው የምዕራቡ ነበር።

«ሰባት ወር ላልሞላ ጊዜ ምን ያስጮኻል?» የሚል አይጠፋም። እኛ ግን እንላለን፦ አገር ጨርሶ ያለ መንግሥት እንዳይቀር ያደረገች ከተማ በወር ብዛት አትለካም። በደርግ ዘመን የክፍለ ሀገሩ መቀመጫነት ወደ መቱ ሲዛወር ጎሬ ስሟም አብሮ ደበዘዘ። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ማለት ይህ አይደል?

እንግዲህ ነገ ጥቁር ሰሌዳ ፊት የምንቆመው እኛው ነን። የኢሉባቦር ልጅ ዳካርን አውቆ ጎሬን ካላወቀ፣ ታሪክ ሁልጊዜ ሌላ ቦታ የሚሠራ ይመስለዋል። መምህራኖቻችን ሆይ፣ አንድ ቅዳሜ ጎሬ ውሰዱን፤ ደብተርና እርሳስ ይዘን ሽማግሌዎችን እንጠይቅ። ያየ ዓይን ብዙም አልቀረም፤ ከአባቱ የሰማ ጆሮ ግን ዛሬም አለ። እሱም ሳያልፍ እንድረስበት!